ምድር ለእኔ ናት፦ ፍትሕና ምሕረት በጥንታዊት እስራኤል የመሬት ሕግ

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 የጥንታዊት እስራኤል የመሬት ሕግ በሙሉ የተመሠረተበት አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ምድርም ለእኔ ናትና፣ እናንተም በእኔ ዘንድ እንግዶችና መጻተኞች ናችሁና ምድርን ለዘላለም አትሽጡ» ይላል። ብዙዎቻችን ይህን ቃል በስብከት ስንሰማው ስለ ዓለም ኃላፊነት የተነገረ መንፈሳዊ ምክር አድርገን እንወስደዋለን። ቃሉ የሚገኘው ግን በዋጋ ተመን፣ በሽያጭ ውል፣ በዕዳና በመቤዠት ድንጋጌዎች መካከል ነው፤ ተግባሩም አንድ ገበሬ በያዘው መሬት ላይ ምን ማድረግ እንደሚችልና እንደማይችል መወሰን ነው። ባለቤቱ እግዚአብሔር ነው፤ ቤተሰቡ ግን በእርሱ መሬት ላይ እንዲኖርና እንዲያርስ የተፈቀደለት ነው። ስለዚህ የተቸገረ ሰው ሊሸጥ የሚችለው መሬቱን ራሱን ሳይሆን የመጠቀም መብቱን፣ ያውም ለተወሰነ ዘመን ብቻ ነው።

ፍትሕና ምሕረት ብዙውን ጊዜ እንደ ተቃራኒ ይታሰባሉ። ፍትሕ ለእያንዳንዱ የሚገባውን መስጠት፣ ምሕረት ደግሞ የሚገባውን ቅጣት ወይም ዕዳ መተው ነው ይባላል፤ አንዱ ሲበዛ ሌላው የሚያንስ ይመስላል። የእስራኤል የመሬት ሕግ ለድሀው የሚደረገውን ምሕረት ቀን ቆርጦ፣ መጠኑን ለክቶና ዋጋውን ተምኖ የድሀው መብት ያደርገዋል። መሬቱን የሚመልሰው ባለጸጋ ውለታ እየዋለ ሳይሆን ግዴታውን እየፈጸመ ነው፤ የሚቀበለውም ሰው አንገቱን ደፍቶ እንዲያመሰግን አይጠበቅበትም። ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል ለመረዳት ሕጉን ከነዝርዝሩ ማየት ያስፈልጋል።

መነሻው የምድሪቱ አከፋፈል ነው። በዘኍልቍ ምዕራፍ 26 እንደተጻፈው ምድሪቱ የተከፈለችው በሕዝብ ቆጠራ መሠረት ሲሆን፣ ብዙ ሕዝብ ላለው ነገድ ሰፊ፣ ጥቂት ሕዝብ ላለው ደግሞ አነስተኛ ድርሻ እንዲሰጥ ታዘዘ፤ ድርሻው የት ቦታ እንደሚወድቅ ግን በዕጣ ተወሰነ። በዚህ አሠራር ማንም አለቃ ለሙን ሸለቆ ለወገኖቹ አስቀርቶ ጭንጫውን ለሌላው ሊሰጥ አይችልም። ይህን በዘፍጥረት ምዕራፍ 47 ከሚነበበው የግብፅ ሥርዓት ጋር ማነጻጸር ጠቃሚ ነው። በዚያ በረሃቡ ዘመን ሕዝቡ ከብቱንና መሬቱን ለፈርዖን ሸጦ የምርቱን አምስተኛ እጅ የሚገብር ሲሆን፣ የካህናቱ መሬት ብቻ ሳይነካ ቀርቷል። በእስራኤል የሆነው ተቃራኒው ነው፤ የካህናቱ ወገን የሆነው የሌዊ ነገድ የእርሻ ርስት አልተሰጠውም፤ ያገኘው በሌሎቹ ነገዶች መካከል የተበተኑ 48 ከተሞችንና በዙሪያቸው ያለውን ማሰማሪያ ነው። ምድር የእግዚአብሔር ናት ብሎ የሚያስተምረው ወገን በዚያ ትምህርት ስም መሬት እንዳይሰበስብ ተደርጓል ማለት ነው። በእኔ እይታ ይህ ከሕጉ ጥበቦች ሁሉ ቀዳሚው ነው።

የተከፈለው ድርሻ እንዲጸና የድንበር ምልክት ማንቀሳቀስ ተከለከለ። ዘዳግም ምዕራፍ 27 ላይ የባልንጀራውን ድንበር የሚያፈርስ ሰው በሕዝብ ፊት ከሚነገሩት እርግማኖች አንዱ ይደርስበታል፤ ሕዝቡም አሜን ይላል። እርግማን ያስፈለገው ድንበር የሚገፋው በስውር ስለሆነ፣ ምስክርም ዳኛም በሌለበት ለሚፈጸመው በደል ፈራጁ እግዚአብሔር ብቻ ስለሆነ ነው።

የዘሌዋውያን 25 ድንጋጌዎች ድህነት በአንድ ቀን እንደማይመጣ ያውቃሉ። ምዕራፉ «ወንድምህ ቢደኸይ» የሚለውን ሐሳብ አራት ጊዜ እየደጋገመ አንድ ገበሬ ደረጃ በደረጃ ሲወርድ ያሳየናል። መጀመሪያ ከመሬቱ ከፊሉን ይሸጣል፤ ቀጥሎ እጁ አጥሮ በሌላ ሰው ድጋፍ ወደ መኖር ይደርሳል፤ ከዚያ ራሱን ለወገኑ ይሸጣል፤ በመጨረሻም በአገሩ ተቀምጦ ለበለጸገ እንግዳ ይሸጣል። ሕጉ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ሰውየው ከዚያ በታች እንዳይወርድ የሚያግዝ ድንጋጌ ያቆማል። መሬት ለሸጠው፣ የቅርብ ዘመዱ መጥቶ እንዲቤዥለት፣ ዘመድ ከሌለውም ራሱ ገንዘብ ሲያገኝ እንዲያስመልስ ተፈቀደለት። እጁ ላጠረው ሰው ብርም ሆነ እህል ያለ ወለድ እንዲሰጠው ታዘዘ። ራሱን የሸጠው እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ቅጥር ሠራተኛ እንዲያዝ፣ ጊዜው ሲደርስም ከነልጆቹ ወደ አባቶቹ ርስት እንዲመለስ ተወሰነ። ለእንግዳው የተሸጠውን ደግሞ ወንድሙ፣ አጎቱ ወይም የአጎቱ ልጅ ሊቤዠው ይችላል፤ የሚከፈለውም የሠራበት ዘመን እንደ ደመወዝ ታስቦ ተቀንሶ ነው። ይህ ሁሉ ሳይሳካ ቢቀር የሁሉም መጨረሻ ኢዮቤልዩ፣ ማለትም 50ኛው ዓመት ነው።

ዋጋው የሚሰላበት መንገድ የሕጉን መንፈስ ከማንኛውም ሐተታ በላይ ያሳያል። የዘሌዋውያን ምዕራፍ 27 ለመቅደስ በስእለት የሚሰጥ እርሻ እንዴት እንደሚገመት ሲደነግግ፣ አንድ ቆሮስ (የእህል መስፈሪያ) ገብስ የሚዘራበት እርሻ 50 ሰቅል (የብር ክብደት መለኪያ) ብር ያወጣል ይላል፤ ኢዮቤልዩ በቀረበ መጠን ካህኑ እንደ ቀሩት ዓመታት ከግምቱ ይቀንሳል። ይህ ተመን ለገበያ የወጣ ባይሆንም ስሌቱን ለመከተል ይረዳል፤ በግምት ለአንድ ዓመት አንድ ሰቅል ማለት ነው። አንድ ገበሬ ኢዮቤልዩ ሊደርስ 30 ዓመት ሲቀረው ያን የሚያህል እርሻ ቢሸጥ 30 ሰቅል ያህል ይቀበላል፤ 6 ዓመት ሲቀረው ቢሸጥ ግን ከ6 ሰቅል የማይበልጥ ያገኛል። ምዕራፍ 25 ምክንያቱን በግልጽ ይናገራል፤ የሚሸጠው የመከሩ ቍጥር ነው። አሁን ደግሞ በ30 ሰቅል የተሸጠውን መሬት ከ10 ዓመት በኋላ ዘመድ ሊቤዥ መጣ እንበል። ገዢው በ10 ዓመት 10 መከር ሰብስቧል፤ ስለዚህ የሚመለስለት የቀሩት የ20 ዓመታት ዋጋ፣ ማለትም 20 ሰቅል ነው። ሻጩም ሆነ ገዢው አልተጎዳም።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ኢዮቤልዩ ብዙ ጊዜ ከባለጸጋው ተወስዶ ለድሀው የሚሰጥበት ዓመት ተደርጎ ይነገራል፤ ሕጉ ግን ለገዢውም ፍትሕ ጠብቆለታል። መመለሱ አስቀድሞ በዋጋው ውስጥ ስለገባ፣ ገዢው በ50ኛው ዓመት ያጣው ያልከፈለበትን ነገር ብቻ ነው። የተከለከለው የሌላውን ሰው ክፉ ቀን ለዘላለም የራሱ ሀብት አድርጎ መያዝ ነው። ምሕረቱ ያለው በሌላ በኩል ነው። ሕጉ ድሀው ለምን እንደደኸየ አይጠይቅም። ድርቅ ይሁን በሽታ፣ ስንፍና ይሁን ያልታሰበ ዕዳ፣ አንድም መርማሪ አልተሾመም፤ መሬቱ ለሁሉም እኩል ይመለሳል። ያ ሰው ራሱ በሕይወት ባይደርስ እንኳ ልጆቹ ይደርሳሉና፣ የአባት ውድቀት ለልጅ ልጅ የሚወርድ ዕጣ አይሆንም።

የሚታወጅበትም ቀን በአጋጣሚ የተመረጠ አይደለም። የኢዮቤልዩ ቀንደ መለከት የሚነፋው በሰባተኛው ወር በአሥረኛው ቀን፣ በማስተስረያ ቀን ነው። ሕዝቡ ኃጢአቱ በተሰረየለት በዚያው ዕለት እያንዳንዱ በእጁ ያለውን የሌላ ሰው መሬትና የሌላ ሰው ልጅ ይለቃል። ከእግዚአብሔር የተቀበለውን ምሕረት ለባልንጀራው የሚያሳልፍበት ጊዜ ከዕለቱ በኋላ አልተቀጠረለትም።

በቅጥር በተከበበ ከተማ ውስጥ ያለ ቤት ግን ከዚህ ሥርዓት ውጪ ነው። ሻጩ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተቤዠው ቤቱ ለገዢው ለዘለቄታው ይጸናል፤ በኢዮቤልዩም አይመለስም። ቅጥር በሌለው መንደር ያለ ቤት እንደ እርሻ ተቆጥሮ ይመለሳል፤ የሌዋውያን ቤቶችም ርስታቸው እነርሱ ብቻ ስለሆኑ ሁልጊዜ ይቤዣሉ። ልዩነቱ ሕጉ የሚጠብቀው ንብረትን ሁሉ ሳይሆን መተዳደሪያን መሆኑን ያመለክታል። የከተማ ቤት የሌለው ሰው ይከራያል፤ ማሳ የሌለው ገበሬ ግን ከነቤተሰቡ በሌላ ሰው እጅ ይወድቃል።

ዕዳ መሰረዝና የተሸጡትን ነጻ ማውጣት በእስራኤል ብቻ የታየ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ17ኛው መቶ ዓመት የነገሠው የባቢሎኑ አሚሳዱቃ የብርና የእህል ዕዳን የሰረዘበት፣ በዕዳ የተያዙትንም ነጻ ያወጣበት አዋጅ እስከ ዛሬ በሸክላ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ልዩነቱ ያለው በአዋጁ ምንጭ ላይ ነው። በባቢሎን ይህ የንጉሡ ችሮታ ነበር፤ ሲነግሥ ወይም ችግር ሲበዛ ያውጃል፤ ካልፈለገ ይቀራል፤ ሕዝቡም ንጉሡን ያመሰግናል። በኦሪት ግን ቀኑ ከንጉሥ ሁሉ በፊት የተቆረጠ ነው፤ ድሀው ስንት ዓመት እንደቀረው በጣቱ ሊቆጥር ይችላል። ይህ ታላቅ ጥንካሬ የራሱ ድክመትም አለው፤ ቀኑን አበዳሪውም ያውቀዋልና። ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ኢዮቤልዩ 49ኛው ዓመት ነው ወይስ 50ኛው የሚለው ክርክር ጥንታዊ ነው፤ እዚህ ላይ የእኛ አገር መጽሐፍ ቃል አለው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚቆጠረውና ሙሉ ይዘቱ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ኩፋሌ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ያለውን ታሪክ በኢዮቤልዩ ይከፍላል፤ እያንዳንዱንም 49 ዓመት አድርጎ ይቆጥራል። በዚህ ስሌት እስራኤል ወደ ከነዓን የሚገቡት 50ኛው ኢዮቤልዩ ሲፈጸም፣ ማለትም በ2450 ዓመተ ዓለም ነው። ይህ ቍጥር የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ ገበሬ በ50ኛው ዓመት ከባርነት ወጥቶ ወደ ርስቱ እንደሚመለስ፣ ሕዝቡም በጠቅላላው ከግብፅ ባርነት ወጥቶ በ50ኛው ኢዮቤልዩ ወደ ተሰጠው ምድር ይገባል፤ ሕጉ ለአንዱ ቤተሰብ ያዘዘው በታሪክ ውስጥ ለሕዝቡ ሁሉ ተፈጸመ ይላል መጽሐፉ።

በየሰባት ዓመቱ የሚመጣው የሰንበት ዓመት ለምድሪቱም ለድሀውም ነው። ዘጸአት 23 እንደሚለው መሬቱ ሳይታረስ ያድራል፤ በራሱ የበቀለውን ድሆች ይበላሉ፤ የተረፈውም ለምድረ በዳ አራዊት ነው። ዘዳግም 15 ደግሞ በዚያው ዓመት የዕዳ ምሕረት እንዲደረግ ያዛል፤ ባሪያ ሆኖ ያገለገለውም ዕብራዊ ስድስት ዓመት ፈጽሞ ሲወጣ ባዶ እጁን እንዳይሰደድ፣ ከመንጋው፣ ከአውድማውና ከወይን መጥመቂያው እንዲሰጠው ይደነግጋል። ሰው ነጻ ወጥቶ የሚበላው ካጣ በሳምንቱ ተመልሶ እንደሚሸጥ ሕጉ ያውቃል። በዚሁ ምዕራፍ ሁለት የሚጋጩ የሚመስሉ ቃላት አሉ፤ በቁጥር 4 በመካከልህ ድሀ አይኖርም ይላል፣ በቁጥር 11 ደግሞ ድሀ ከምድር ላይ አይታጣም ይላል። የመጀመሪያው ሕዝቡ ትእዛዙን ቢጠብቅ የሚሆነው ነው፤ ሁለተኛው ልቡን ከሚያውቅ ሕግ አውጪ የመጣ ነው። በሁለቱ መካከል ባለው ቁጥር 9 ላይ አበዳሪው በቀጥታ ይገሠጻል፤ ሰባተኛው ዓመት ቀርቧል ብለህ በድሀው ወንድምህ ላይ ዓይንህ እንዳይከፋ፣ እርሱም ወደ እግዚአብሔር ጮኾ ኃጢአት እንዳይሆንብህ ይላል። የተቆረጠው ቀን አበዳሪውን እንደሚያሸሽ ሕጉ አስቀድሞ አይቶታል፤ መድኃኒት ያደረገው ግን ሌላ ቅጣት ሳይሆን የእግዚአብሔርን ሰሚነት ነው።

በየዓመቱ መከር ጊዜ የሚሠራውም ሕግ በዚሁ መንገድ የተዋቀረ ነው። ባለመሬቱ የማሳውን ዳር አጥርቶ እንዳያጭድ፣ የወደቀውን እንዳይለቅም፣ የተረሳውን ነዶ ለመውሰድ እንዳይመለስ፣ ወይራውን ካራገፈ በኋላ ቅርንጫፉን ዳግመኛ እንዳይፈትሽ ታዟል፤ ይህ ሁሉ ለመጻተኛው፣ ለድሀ አደጉና ለመበለቲቱ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ሕጉ ባለመሬቱን ስጥ ሳይሆን ተው ማለቱ ነው። ድሀው በገዛ እጁ ይቃርማል፤ ለማን ይድረስ የሚለውን የሚመርጥ የለም። የኋለኞቹ የአይሁድ ሊቃውንት በሚሽና፣ ማለትም የቃል ሕጋቸው በተሰበሰበበት መጽሐፍ፣ ዳሩ ከእርሻው ከ60 አንድ እጅ እንዳያንስ ወሰኑ። በተረሳው ነዶ ላይ ያለው ትእዛዝ ደግሞ ሰው አስቦ ሊፈጽመው የማይችል ነው፤ አስቦ ከተወው አልረሳውምና። ከሞዓብ የመጣችው መበለት ሩት በቦዔዝ እርሻ ስትቃርም ውላ አንድ የኢፍ መስፈሪያ ያህል ገብስ ይዛ ወደ ኑኃሚን የተመለሰችው በዚህ መብት ነው። ቦዔዝ ግን አጫጆቹ ሆን ብለው ከነዶው እየመዘዙ እንዲተዉላት አዘዘ፤ ይህ በሕጉ የሌለ፣ ከልቡ የመጣ ጭማሪ ነው። ሕጉ መነሻውን አስቀምጧል፤ ቸር ሰው ደግሞ ከዚያ በላይ ይሄዳል።

ሕጉ በደል ሲያስከትል የሚታረምበትም ታሪክ አለ። ከምናሴ ነገድ የሆነው ሰለጰዓድ ወንድ ልጅ ሳይወልድ በምድረ በዳ ሞተ። አምስቱ ሴቶች ልጆቹ ማህለህ፣ ኑዓ፣ ዔግላ፣ ሚልካና ቲርጻ በሙሴ፣ በካህኑ በአልዓዛር፣ በአለቆቹና በማኅበሩ ሁሉ ፊት ቆመው ተከራከሩ። አባታችን በእግዚአብሔር ላይ ከተነሣው ከቆሬ ወገን አልነበረም፤ በራሱ ኃጢአት ሞተ፤ ወንድ ልጅ ስለሌለው ስሙ ከወገኑ መካከል ለምን ይጠፋል አሉ። ክርክራቸው በሚገባ የተዋቀረ ነው፤ ሕጉ የቤተሰብ ስም ከርስቱ እንዳይነቀል የቆመ ከሆነ ሕጉ ራሱ ሊነቅለው አይገባም ማለታቸው ነው። ሙሴ ከራሱ አልፈረደም፤ ጉዳዩን ወደ እግዚአብሔር አቀረበ፤ መልሱም የሴቶቹ ንግግር ትክክል ነው የሚል ሆነና ወንድ ልጅ የሌለው ሰው ርስቱ ለሴት ልጁ እንዲተላለፍ ለሁሉም የሚሆን ሥርዓት ወጣ። በዘኍልቍ 36 ግን የነገዱ አለቆች መሬቱ በጋብቻ ወደ ሌላ ነገድ እንዳይሄድ አቤት አሉ፤ ሴቶቹም ከአባታቸው ነገድ እንዲያገቡ ተወሰነ። መብታቸው ታወቀ፣ ግን ወሰን ተበጀለት። በዘመኑ ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ በሴትና በወንድ መካከል እኩልነትን አቆመ ማለት ግን አይቻልም።

ስለ ምሕረት የሚናገር ሰው የሕጉን ከባድ ቦታዎች ማለፍ አይገባውም። ያው ዘሌዋውያን 25 እስራኤላዊውን ከባርነት ሲጠብቅ፣ ከአሕዛብ የሚገዙ ባሪያዎች ግን ለልጆች የሚወረሱ ርስት ሊሆኑ እንደሚችሉ ይፈቅዳል። ዘዳግም 23 ከጌታው ሸሽቶ የመጣን ባሪያ አሳልፎ መስጠትን መከልከሉ ጉዳዩን ያለዝበዋል እንጂ አያስወግደውም። ከዚህም የሚከብደው የምድሪቱ ቀድሞ ነዋሪዎች ነገር ነው። ኦሪት የሚሰጠው መልስ በፍትሕ ቋንቋ የተነገረ ነው። በዘፍጥረት 15 የአሞራውያን ኃጢአት ገና ስላልተፈጸመ የአብርሃም ዘር 400 ዓመት በባዕድ አገር እንዲጠብቅ ተነገረ። በዘዳግም 9 እስራኤል ምድሪቱን የሚወርሱት ስለ ጽድቃቸው እንዳልሆነ ተደጋግሞ ይነገራቸዋል። በዘዳግም 2 ደግሞ የኤዶምን፣ የሞዓብንና የአሞንን መሬት የጫማ እርግጫ ታህል እንኳ እንዳይነኩ ተከለከሉ፤ ለእነዚያም ርስታቸውን የሰጠ እግዚአብሔር ነውና። መጽሐፈ ኩፋሌ ሌላ ምክንያት ይጨምራል፤ ከነዓን በዕጣ ለሴም የደረሰውን ምድር በግፍ ያዘ ይላል። እነዚህ መልሶች የሚያነብን ሰው ጥያቄ ሁሉ አይመልሱም። አንድ ነገር ግን በግልጽ ያረጋግጣሉ፤ ዘሌዋውያን 18 ምድሪቱ ከእናንተ በፊት የነበሩትን እንደተፋች እናንተንም ትተፋችኋለች ሲል እስራኤልን በዚያው ሚዛን ላይ ያስቀምጣል።

ሕጉና ሥልጣን ፊት ለፊት የተጋጩበት ስፍራ በኢይዝራኤል የነበረው የናቡቴ የወይን ቦታ ነው። በ1ኛ ነገሥት 21 ንጉሡ አክዓብ ያቀረበው ሐሳብ በገበያ ዓይን ነውር የለበትም፤ የተሻለ የወይን ቦታ ወይም ዋጋውን በብር እሰጥሃለሁ አለ። ናቡቴ እምቢ ያለው ዋጋ አንሶበት ሳይሆን የአባቶቹ ርስት ስለሆነ ነው፤ የእርሱ ያልሆነውን ሊሸጥ አይችልም። አክዓብ ሕጉን ያውቃልና ተቈጥቶ ፊቱን አዞረ እንጂ በኃይል አልወሰደም። ሚስቱ ኤልዛቤል ግን በንጉሡ ስም ደብዳቤ ጽፋ በማኅተሙ አተመች፤ ሽማግሌዎቹ ሁለት የሐሰት ምስክሮች አቆሙ፤ ናቡቴም እግዚአብሔርንና ንጉሡን ሰድቧል ተብሎ በድንጋይ ተወገረ። ደብዳቤ፣ ማኅተም፣ ሽማግሌዎች፣ ሁለት ምስክሮች፤ የፍትሕ ሥርዓቱ መሣሪያ ሁሉ ተሟልቶ ግፍ ተሠራበት። አክዓብ ሊወርስ በወረደ ጊዜ ኤልያስ በዚያው የወይን ቦታ ተቀበለው፤ ገድለህ ወረስክ ብሎም ፍርዱን ነገረው። አክዓብ ልብሱን ቀዶ፣ ማቅ ለብሶ ጾመ፤ እግዚአብሔርም ራሱን ስላዋረደ ክፉውን ነገር በልጁ ዘመን አመጣለሁ አለ። ልጁ ኢዮራም በጦር አለቃው በኢዩ እጅ ሲሞት ሬሳው የተጣለው በናቡቴ እርሻ ላይ ነው፤ በዚያ ቦታ ኢዩ የናቡቴንና የልጆቹን ደም አስታወሰ። ለአክዓብ የተደረገው ምሕረት ለናቡቴ ቤት የዘገየ ፍትሕ ሆነ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለቱ ያለ ሥቃይ አልተገናኙም፤ ጸሐፊውም ሊያስታርቃቸው አልሞከረም።

ሕጉ ምን ያህል ተፈጽሟል? ነቢያቱ ብዙ ጊዜ እንዳልተፈጸመ ይመሰክራሉ። ኢሳይያስ ስፍራ እስኪታጣ ድረስ ቤትን ከቤት፣ እርሻን ከእርሻ ጋር በሚያያይዙት ላይ ወዮ አለ፤ ሚክያስም እርሻን ተመኝተው በሚቀሙት ላይ። ባቢሎናውያን ኢየሩሳሌምን በከበቡ ጊዜ ንጉሡ ሴዴቅያስና ባለጸጎቹ ባሪያዎቻቸውን ነጻ ለማውጣት ቃል ኪዳን ገቡ፤ ከበባው ለጊዜው ሲላላ መልሰው ያዟቸው። በኤርምያስ 34 የተነገረው ፍርድ ለዚህ ነው፤ ለወንድሞቻችሁ ነጻነት አላወጃችሁምና እኔ ለሰይፍ፣ ለቸነፈርና ለረሃብ ነጻ አደርጋችኋለሁ። ሁለተኛ ዜና መዋዕልም የምርኮውን 70 ዓመት ምድሪቱ የተነፈገቻቸውን ሰንበቶች ያገኘችበት ዕረፍት አድርጎ ያየዋል። የሚያስደንቀው በዚያው ከበባ መካከል የታሰረው ኤርምያስ የአጎቱ ልጅ አናምኤል ሲመጣበት፣ በዓናቶት ያለውን እርሻ በ17 ሰቅል ብር በመቤዠት መብቱ መግዛቱ ነው። ውሉ ተጽፎ፣ ታትሞና በምስክር ተፈርሞ ለብዙ ቀን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ ተቀመጠ። ምድሪቱ በጠላት እጅ ሳለች የመቤዠት ሕግ እንደሚሠራ አድርጎ ከፈለ።

ከምርኮ በኋላ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ445 ገደማ ነህምያ አገረ ገዢ ሆኖ ሲመጣ ሕዝቡ በረሃብና በፋርስ ንጉሥ ግብር ምክንያት እርሻውን አስይዞ፣ ልጆቹንም ለባርነት ሰጥቶ አገኘው። ነህምያ ኢዮቤልዩን አልጠበቀም። ታላላቆቹን በጉባኤ ገሥጾ እርሻውን፣ ወይኑን፣ ወይራውን፣ ቤቱንና የወሰዱትን ወለድ በዚያው ዕለት እንዲመልሱ ጠየቀ፤ በካህናቱም ፊት አስማላቸው። እርሱ ራሱ 12 ዓመት ሙሉ ለአገረ ገዢ የሚገባውን ቀለብ አልተቀበለም።

የሰንበት ዓመት በኋለኛው ዘመን በትክክል ሲከበር እንመለከታለን። በእኛ ዘንድ ከሚታወቀው መቃብያን የተለየው የግሪክኛው የመጀመሪያ መቃብያን መጽሐፍ በቤተ ሱር የተከበቡት አይሁድ የምድሪቱ ሰንበት በመሆኑ ስንቅ አጥተው እጃቸውን እንደሰጡ ይተርካል። የዕዳ ምሕረቱ ግን ዘዳግም የፈራውን አመጣ፤ ሰባተኛው ዓመት ሲቃረብ የሚያበድር ጠፋ፤ የተጎዳውም ምሕረቱ የታሰበለት ድሀ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጨረሻው መቶ ዓመት ገደማ የተነሣው ሊቁ ሂሌል ለዚህ ፕሮዝቡል የሚባል ሰነድ ደነገገ። አበዳሪው ዕዳውን የማስከፈል መብቱን በዳኞች ፊት በጽሑፍ ለሸንጎ ያስተላልፋል፤ ዕዳው በግለሰብ እጅ ስለማይቆይ በሰባተኛው ዓመት አይሰረዝም። ሂሌል ሕጉን ሻረ የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን የሕጉን ቃል አጥብቆ ድሀውን ባዶ እጁን ከመመለስ ዓላማውን ማዳን የመረጠ ይመስለኛል። ሚሽና በዚህ ሰነድ ላይ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል፤ ሰነዱ የሚጻፈው ተበዳሪው መሬት ሲኖረው ብቻ ነው። ምንም ከሌለው አበዳሪው ከገዛ እርሻው ጥቂት ቆርጦ ይሰጠዋል።

ኢዮቤልዩን በሚመለከት ታልሙድ፣ ማለትም ሚሽናን የሚተነትነው የአይሁድ ሊቃውንት መጽሐፍ፣ በምድሪቱ ለሚኖሩ ሁሉ ነጻነት ይታወጅ የሚለውን ቃል መሠረት አድርጎ፣ ከዮርዳኖስ ማዶ የነበሩት የሮቤልና የጋድ ነገዶች እንዲሁም የምናሴ ነገድ እኩሌታ በአሦራውያን ከተማረኩ ጀምሮ ሕጉ መሥራት አቁሟል ይላል፤ ከነገዶቹ ጥቂቶቹ እንኳ ከርስታቸው ከጠፉ ሁሉም በየርስቱ አለ ሊባል አይችልም። ሰባተኛው ዓመት ግን ዛሬም በእስራኤል ይቆጠራል። ያለፈው እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2022 ነበር፤ ቀጣዩ ከ2028 እስከ 2029 ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1889 በነበረው ሰባተኛ ዓመት ገና እርሻ የጀመሩት ሰፋሪዎች በረሃብ እንዳይጎዱ አንዳንድ ታላላቅ ረቢዎች መሬቱ ለጊዜው አይሁዳዊ ላልሆነ ሰው ተሸጦ እንዲታረስ ፈቀዱ፤ ሌሎች ረቢዎች ግን ፈቃዱን አልተቀበሉም፤ በሰባተኛው ዓመት ሁሉ ክርክሩ ዳግም ይነሣል።